ከጋሪ ላይ ሸሚዝ እስከ ሐዋሳ፦ የአንድ ዓለም አቀፍ የልብስ ኩባንያ መነሣትና መንገዳገድ

(በደብረ ኤልያስ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፣ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



በተወለድኩባት በዚህች ከተማ ቆሜ ስለ አንድ የአሜሪካ ሸሚዝ ኩባንያ መናገሬ ለአንዳንዶቻችሁ ግራ ሳያጋባ አይቀርም። ደብረ ኤልያስ ሲባል ሰው የሚያስበው ቅኔን ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለ ልብስ ይነገር ከተባለ ደግሞ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ይቀድማል። እኔ ግን የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝና ዛሬ የምነሣው ከለበስኩት ሸሚዝ ነው።

ይህን ሸሚዝ የገዛሁት ባለፈው ዓመት እዚሁ ገበያ፣ ከልባሽ ጨርቅ ተራ ነው። ቦንዳው ገና ተፈትቶ ሰው ሲሻማ ደረስኩ። ነጋዴዋ አንዱን መዝዛ «ጋሼ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው» አለችኝ። ኮሌታውን ገልብጬ መለያውን ሳነብ «ቫን ሂውሰን» ይላል። ዋጋውን ብዙም ሳልከራከር ከፈልኩ፤ ምክንያቱም ለዓመታት ሳስተምርበት የኖርኩት የአንድ ኩባንያ ታሪክ በሦስት መቶ ግራም ጨርቅ ተጠቅልሎ እጄ ላይ ወድቋል። የዚህ መለያ ባለቤት የነበረው ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ በሀገራችን፣ በሐዋሳ፣ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር፤ ዘግቶም ሄደ። በሄደበት በዚያው ዓመት ደግሞ ይህንኑ መለያ ሸጠው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠማቸው ድንገተኛ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ሁለቱም ከአንድ ጠባይ የመነጩ ናቸው፤ ገለጻዬም ስለዚያ ጠባይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልተናገርኩ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1881 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ፖትስቪል በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ነው። ሞዝስ ፊሊፕስ የተባለ ከፖላንድ የመጣ ስደተኛና ሚስቱ ኤንደል የፍላኔላ ሸሚዝ በእጃቸው እየሰፉ፣ በጋሪ እየገፉ፣ ለከሰል ቆፋሪዎች ይሸጡ ነበር። በእኛ አነጋገር ጉልት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጉልቱ መንኰራኵር ያለው መሆኑ ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ ሰፊውም፣ ሻጩም፣ የስሙ ባለቤትም አንድ ቤተሰብ ነበር። ሸሚዙ ከተተረተረ ገዢው የሚመልሰው ለሰፋችው ሴት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የኮሌታ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ የከተማ ሰው የሚለብሰው ሸሚዝ ኮሌታው ለብቻው የሚቀጠልና የሚነቀል፣ በስታርች ደርቆ እንደ ካርቶን የቆመ ነበር፤ አንገት ይፍቃል፣ ያንቃል። (የእኛ እጀ ጠባብ እንዲህ ያለ ኮሌታ ስላልነበረው አባቶቻችን ከዚህ ስቃይ ተርፈዋል።) ጆን ማኒንግ ቫን ሂውሰን የተባለ ሰው ያለ ስታርች ቅርጹን የሚጠብቅ፣ በቀላሉ የሚታጠፍ ለስላሳ ኮሌታ ፈለሰፈ፤ በ1919 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። የፊሊፕስ ቤተሰብ ኩባንያ ይህን መብት ይዞ ገበያውን ተቆጣጠረ፤ በ1957 ስሙን ፊሊፕስ ቫን ሂውሰን አለ። «ፒቪኤች» የሚለው ምሕጻርም ከዚህ የመጣ ነው። እስከዚህ ድረስ ኩባንያው የሚኮራው በሚሠራው ነገር ነበር፤ የተሻለ ኮሌታ ስለ ሠራ አደገ።

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ግን ሌላ ዓይነት ነው። ኩባንያው በ2003 ካልቪን ክላይንን ገዛ። በ2010 ቶሚ ሂልፊገርን ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። በ2013 ዋርናኮ የተባለውን ኩባንያ በተመሳሳይ መጠን ጠቀለለ። በእነዚህ ግዢዎች ውስጥ ገንዘቡ የተከፈለው በዋናነት ለስፌት መኪና አይደለም፣ ለሕንፃም አይደለም። የተከፈለው ለስም ነው። ሰው ካልሲም ሆነ ሽቶ ላይ ሲያየው ተጨማሪ ዋጋ እንዲከፍል የሚያደርገው ስም ከማንኛውም ፋብሪካ በላይ ዋጋ ያለው ሀብት ሆነ።

ስም የሚሸጥ ኩባንያ ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን ለተማሪዎቼ ባጭሩ ላስረዳ። ንድፉ በኒው ዮርክ ወይም በአምስተርዳም ይወጣል። ጨርቁ አብዛኛውን ጊዜ ከእስያ ይታዘዛል። ስፌቱ ዋጋ፣ ጥራትና የማስረከቢያ ቀን አወዳድሮ ለሌሎች ሰዎች ፋብሪካ ይሰጣል፤ ለባንግላዴሽ፣ ለቬትናም፣ ለሌላም። ሸሚዙ ተጠቅልሎ መርከብ ላይ ሲወጣ ፋብሪካው ድርሻውን ተቀብሎ ይሰናበታል። ስሙ ያለበት ድርጅት ከሰፊው ጋር ያለው ግንኙነት የአንድ ወቅት ትእዛዝ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ለማዞር የሚያስፈልገው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ኩባንያው የራሱ ፋብሪካ በነበረበት ቦታም ይኸው ጠባይ ታይቷል። በጓቲማላ ሲቲ ካሚሳስ ሞደርናስ የሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ ነበረው። ሠራተኞቹ ከብዙ ዓመታት ትግል በኋላ በ1997 የኅብረት ስምምነት ተፈራረሙ፤ በዚያ ዘመን በአገሪቱ የውጭ ገበያ ልብስ ስፌት ዘርፍ እንግዳ ነገር ነበር። በታኅሣሥ 1998 ፋብሪካው ተዘጋ። ኩባንያው ምክንያቱ ትርፍ የማምረት አቅም ነው አለ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ምክንያቱ እኛ ነን አሉ። በየትኛውም ወገን ብትቆሙ፣ ትእዛዙ ሌላ ቦታ መሠራቱን ቀጠለ፤ የጠፋው የጓቲማላዎቹ ሥራ ብቻ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ግን ይህም ይነገር። በታኅሣሥ 2010 በባንግላዴሽ፣ ከገዢዎቹ አንዱ ይኸው ኩባንያ በሆነበት ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 29 ሠራተኞች ሞቱ። በመጋቢት 2012 ፒቪኤች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር አስገዳጅ የደኅንነት ስምምነት ፈረመ፤ ከታላላቅ የልብስ ኩባንያዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከሌሎቹ አብዛኞቹ የፈረሙት ራና ፕላዛ በሚያዝያ 2013 ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ጨካኝ ድርጅት እየተናገርኩ አይደለም። ከእኩዮቹ የተሻለ ስለሆነ ድርጅት እየተናገርኩ ነው፤ ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከባንግላዴሽ በኋላ ኩባንያው አዲስ ሐሳብ ያዘ፦ ከጥጥ እስከ ሸሚዝ ያለው ሰንሰለት በአንድ ቦታ፣ ራሱ በሚያየው ሁኔታ ቢሠራስ? ዓይኑ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዞረ። በዚያው ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሊገነባ ቸኩሎ ነበር። የሐዋሳ ፓርክ በቻይና ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን ተቋራጭነት፣ ዘጠኝ ወር ገደማ በሆነ ጊዜ፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ ተሠርቶ በሐምሌ 2016 ተመረቀ። 52 የፋብሪካ ሼዶች አሉት። ፍሳሹ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንዳይገባ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ ተተከለለት፤ ይህን ስናገር እውነተኛ አድናቆት አለኝ። ፒቪኤች አርቪንድ ከተባለው የህንድ ኩባንያ ጋር በሽርክና የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፤ ከእስያ አቅራቢዎቹም አንዳንዶቹን አግባብቶ አብሮት አመጣ። ለዓመታት ስም ሲሰበስብ የኖረ ድርጅት እንደገና የስፌት መኪና ባለቤት ሆነ። የዓለም ባንክ ሳይቀር ጉዳዩን እንደ አርአያ አጥንቶ በ2017 አሳተመው። እኔም በክፍል ውስጥ በጋለ ስሜት አስተምሬዋለሁ፤ የዚያን ጊዜ ማስታወሻዬን አሁን ሳነበው ትንሽ አፍራለሁ።

ከዚያ የደመወዝ ጥያቄ መጣ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድና የሰብአዊ መብት ማእከል በግንቦት 2019 ባወጣው ጥናት መሠረት በሐዋሳ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ወይም 750 ብር ነበር። ተመሳሳዩ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207፣ በቻይና 326 ዶላር ነበር። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በታች የሚከፍል የልብስ አምራች አገር አጥኚዎቹ አላገኙም። ፓርኩ ያኔ 25,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ የታለመው 60,000 ነው። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር፤ የዛሬ ዓመት የቀጠሩትን ዛሬ አያገኙትም። ቀደም ሲል ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ባደረጉት ጥናትም በዕጣ ሥራ ከተሰጣቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀዋል፤ በዓመቱ ውስጥ 77 በመቶው።

ቁጥሩ ምን እንደሚመስል የማውቀው ከቤቴ ነው። የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ በአንድ ፓርክ (ሐዋሳ አይደለም፣ ኩባንያውም ሌላ ነው) ስምንት ወር ሠርታለች። ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሽሮውና በርበሬው ከእዚህ ይላክላታል፤ የሚላከውን የሚያመርተው አባቷ ነው። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ደመወዟ ስለማይበቃት የጎደለውን የሚሞላው የደብረ ኤልያስ ገበሬ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋውን ሸሚዝ ዋጋ የሚደጉመው የጎጃም ጎተራ ነው ማለት ነው። ይህ በማንም ኩባንያ የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። «ለምን ተውሽው?» ብዬ ስጠይቃት ስለ ደመወዝ አላነሣችም። «ጋሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ ኮሌታ ብቻ ነው የሰፋሁት። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም» አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ብዙ ሰው ኩባንያዎቹን ያመጣቸው ርካሽ ጉልበት ነው ብሎ ያምናል፤ መንግሥትም ሲያስተዋውቅ የኖረው እርሱን ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በዚያን ጊዜ የጥጥ ሸሚዝ ወደ አሜሪካ ሲገባ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር፤ ከሰው ሠራሽ ክር በሚሠሩ አንዳንድ ልብሶች ላይ ቀረጡ 32 በመቶ ይደርስ ነበር። አጎዋ በመባል የሚታወቀውና በ2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ብቁ ያላቸውን የአፍሪካ አገሮች ከዚህ ነጻ ያደርግ ነበር፤ ጨርቁ ከእስያ የመጣ ቢሆን እንኳን። ለምሳሌ ያህል በ5 ዶላር የሚያስረክቡትን አንድ የጥጥ ሸሚዝ ውሰዱ፤ ቀረጡ ብቻ 1 ዶላር ገደማ ነው። በወር 26 ዶላር የሚከፈላት ሠራተኛ በወር 26 ቀን ብትሠራ የቀን ገቢዋ ያው 1 ዶላር ነው። እንግዲህ በአንድ ሸሚዝ ላይ የሚተርፈው ቀረጥ የአንዲትን ሴት ሙሉ የቀን ደመወዝ ያህላል፤ እርሷ ደግሞ በዚያው ቀን ስፍር ቁጥር በሌላቸው ሸሚዞች ላይ ኮሌታ ታኖራለች። ደመወዟ በእጥፍ ቢያድግ በሸሚዙ ዋጋ ላይ የሚጨምረው ሳንቲም ነው። ኩባንያውን ሐዋሳ ያቆየው የእርሷ ደመወዝ ማነስ ሳይሆን ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ነበር። ደመወዙን ዝቅ አድርገን ስናቀርብ ብዙም ያልተጠየቅነውን ነገር በነጻ ሰጠን ማለት ነው።

ወረቀቱ ተነሣ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ በኅዳር 2021 መባቻ አስታወቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ፒቪኤች ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ በዚያው በኅዳር የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጠ። ለጦርነቱ ከሐዋሳ ሠራተኞች አንዷም ድምፅ አልሰጠችም፤ ለቀረጡም እንደዚሁ። ስለ ጦርነቱና ስለ እገዳው ፍትሐዊነት ብዙ ተብሏልና እዚህ አልጨምርበትም። የምለው አንድ ነው፦ አንድ ፓርክ በአንድ ሕግ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ሕጉ ሲነሣ የሚወድቅበትን ፍጥነት ለማስላት ዶክትሬት አያስፈልግም ነበር። እኔ ዶክትሬቱ ነበረኝ፣ አላሰላሁትም።

ኩባንያውስ? እርሱም አልተደላደለም። ወረርሽኙ በገባበት በ2020 ሽያጩ ከ9.9 ቢሊዮን ወደ 7.1 ቢሊዮን ዶላር ወርዶ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በ2021 ነባር መለያዎቹን፣ ቫን ሂውሰንንና አይዞድን ጨምሮ፣ በ220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። በስሙ መካከል ያለው «ቪ» እና «ኤች» የቫን ሂውሰን ሆኖ ሳለ ቫን ሂውሰን የእርሱ አይደለም። ይህ ለቅኔ አገር ሰው የሚጥም ነገር ነው። የቀሩት ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር፣ በገንዘብ የተገዙት ልጆች፣ ናቸው፤ በጋሪ ዘመን ከተጀመረው ሸሚዝ ጋር የሚያገናኘው ክር ተበጥሷል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ቻይና «እምነት የማይጣልባቸው» ከምትላቸው ድርጅቶች መዝገብ አስገባችው፤ ክሱ የሺንጂያንግን ጥጥ አለአግባብ አግልሏል የሚል ነው። በአሜሪካ በኩል ግን ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ያንን ጥጥ የያዘ ልብስ እንዳይገባ ይከለክላል። የአንዱን መንግሥት ሕግ ሲያከብር የሌላውን ቁጣ ያተርፋል።

ይሁንና ልዩነቱን ተመልከቱ። ኩባንያው ፖትስቪልን ትቶ፣ ጓቲማላን ዘግቶ፣ ሐዋሳን ለቅቆ፣ ነባር ስሙን ሸጦ አሁንም በሕይወት አለ። ሊለየው የማይችለው ነገር የለውም። የመነሣቱም የመንገዳገዱም ምንጭ ይኸው ነው ባይ ነኝ፦ ከማንኛውም ቦታ መነቀል ስለሚችል አደገ፤ ምንም ሥር ስለሌለውም እያንዳንዱ ነፋስ ያንገዳግደዋል። ሐዋሳ ግን ከሐዋሳ መነቀል አትችልም።

እዚህ ላይ «የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ እያደነቅህ ነው ወይ?» የሚለኝ ባልደረባ እንዳለ አውቃለሁ፤ ትናንት ማታም ተከራክረናል። በ1953 ዓ.ም. ገደማ በጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው ያ ፋብሪካ መኪናው አርጅቶበታል፣ ኪሳራ ተፈራርቆበታል፤ አርአያ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን ጥጡን ራሱ ይፈትላል፣ ራሱ ይሸምናል፣ የሚሸጠውም ለእኛው ነው። ስለዚህ ሲታመምም እዚያው ሆኖ ነው የታመመው። ሐዋሳ ውስጥ ግን ከሸሚዙ የእኛ የነበረው በዋናነት ጉልበቱና መብራቱ ነው። ጨርቅ የሚያመርት አንድ የቻይና ኩባንያ በፓርኩ ቢገባም ቀሪው ጨርቅ፣ ቁልፍና ክር በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይመጣ ነበር። አገሩ ጥጥ አብቃይ፣ ሴቶቹ ከእናቶቻቸው እንዝርት የተማሩ፣ ሸማኔው በየመንደሩ ያለበት ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሸማኔን ለዘመናት በንቀት ስም ስንጠራ ኖረን ዛሬ የጨርቅ ባለሙያ አጣን ብንል የሚሰማን የለም፤ ይህን በተለይ በጎጃም ቆሜ ማለት ግዴታዬ ነው።

ለምረቃ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ከሐዋሳ የወጡት ሠራተኞች አሁን ምን ላይ ናቸው? ያገኙት ሙያ የት ገባ? ይህን አገር ቤት ያለ ተመራማሪ እንዲያጠናው እመኛለሁ። እኔ በእጄ ያለኝ አንድ ምሳሌ ብቻ ነው። ይህን ሸሚዝ ገዝቼ እህቴ ቤት ስገባ ልጅቷ ከአንገቴ ላይ ኮሌታውን ይዛ ገለበጠችው፤ ጫፉን በጥፍሯ እየዳበሰች «ጋሼ፣ ይኼ ጫፉ በደንብ አልተገለበጠም፤ እኛ ጋ ቢሆን ይመለስ ነበር» አለች። መነጽሬን አድርጌ አየሁት፤ ልክ ነበረች። አሁን እዚሁ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት ትሠራለች። የስፌት መኪና ለመግዛት ብድር ጠይቃ መያዣ አምጪ ተብላለች።

እዚህ ላይ ላብቃና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ። ከኋላ ያለኸው፣ እጅህን ቀድመህ አንሥተሃል።